በ17 ሰዓት ሄዶ በ13 ሰዓት መመለስ

 

የዛሬው ነገራችን ስለ ሁለት ከተሞች ነው፤ ስለ አዲስ አበባና ስለ ዋሽንግተን። ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ፣ በመሐል ነዳጅ የሚሞላበት ጊዜ ተጨምሮ፣ ዋሽንግተን ለመድረስ 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ያው ሰው ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አየር መንገዱ ያው ነው፤ አውሮፕላኑም ያው ሊሆን ይችላል። ታዲያ አራቱ ሰዓት ወዴት ሄደ?

ጥያቄውን ወደዚህ አዳራሽ ይዤ የመጣሁበት ምክንያት አለኝ። ይህ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከቦሌ ኤርፖርት በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ እናንተ የፓርኩ ሠራተኞች የአውሮፕላኑን ድምፅ ከመስፊያ ማሽኑ ድምፅ ጋር ስትሰሙ ትውላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓርኩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ የተሰፋ ብዙ ልብስ ወደ አሜሪካ ተጭኗል። ከመካከላችሁም እኅቷ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች፣ አጎቱ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው አይጠፋም። "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" የሚለው ጥያቄ በየቤታችን የሚነሳ ጥያቄ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ኪሎ ሜትር የምድር ነው፤ ማንም አይጨምርበትም፣ ማንም አይቀንስለትም። ሰዓቱ ግን በብዙ እጅ የተሠራ ነው። የኤርፖርቱ ከፍታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የነዳጁ ክብደት፣ የመንገደኛው ኪስ፣ የአገሮች ፈቃድ፣ ጦርነትና ዕርቅ፣ ሁሉም ይገቡበታል። ይህን በየተራ ላሳያችሁ።

ከኪሎ ሜትሩ እንነሳ። ጠረጴዛው ላይ ሉል አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ከእናንተው ከአንዱ የስፌት መስመር የተዋስኩት ክር። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዤ ወጠር ሳደርገው ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ዝርግ ካርታ ቢሆን ኖሮ በማስመሪያ የተሰመረው መስመር በቻድና በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ በኩል ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር። ክሩ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የወጣው። ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ገባ፤ በአልጄሪያ በኩል አድርጎ ስፔንና ፖርቱጋል ደረሰ፤ ከዚያ አትላንቲክን ተሻገረ። ውቅያኖሱ መሐል ላይ ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን ከፍ ይልና ቁልቁል ይመለሳል። ምድር ክብ ስለሆነች ዝርግ ካርታ ላይ ጠማማ የሚመስለው መንገድ ነው ቀጥተኛው።

የዚህ ክር ርዝመት በምድር ላይ 11,563 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ክሩን ትንሽ ሳብ አድርጌ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በኩል ላሳልፈው። ዝርግ ካርታ ላይ ደብሊን እጅግ የራቀ ዙር ትመስላለች፤ ወደ ሰሜን ጫፍ ወጥቶ መመለስ ነው የሚመስለው። ሉሉ ላይ ስትለኩት ግን ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,464 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 11,829 ይሆናሉ። በደብሊን በኩል መሄድ የሚጨምረው 266 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላን ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቶሎ እንፈልገዋለን።

አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። 11,563ን ለ900 ብታካፍሉት 13 ሰዓት የማይሞላ ነገር ታገኛላችሁ። ከዋሽንግተን ሲመጣ የሚፈጀው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። እንግዲህ ማስረዳት ያለብን የመሄጃውን 17 ሰዓት ነው። መልሱ የሚጀምረው ከእግራችን ሥር፣ ከዚሁ ከቦሌ መሬት ነው።

ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዓለም ላይ ካሉ ትላልቅ ኤርፖርቶች መካከል እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ ጥቂት ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲን፣ ቦጎታንና ኪቶን የመሳሰሉት ናቸው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን 95 ሜትር ላይ ነው።

ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ውስጥ የጣዳችሁት ሻይ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከላይ የሚጫነው አየር አነስተኛ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እዚህ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከአየሩ አንድ አራተኛው የለም ማለት ነው።

አውሮፕላን ደግሞ በአየር ነው የሚኖረው። ክንፉ የሚያነሳው አየር ይዞ ነው፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚይዘው ያንሰዋል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ የበለጠ መሮጥ አለበት። ባሕር ዳርቻ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚነሳ አውሮፕላን ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ በዚያ ባልነው ቀን 325 ኪሎ ሜትር ያህል መድረስ ይጠበቅበታል። የደከመ ሞተር ይዞ የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ ማለት ረጅም መንደርደሪያ መፈለግ ነው። ቦሌ 3,800 ሜትር የሚደርስ መንደርደሪያ አለው፤ እሱም ወሰን አለው። ጎማው ሊሽከረከር የተፈቀደለት ፍጥነት ወሰን አለው። በረራው ይቅር ቢባል ፍሬኑ ሊያቆመው የሚችለው ክብደትም ወሰን አለው።

ስለዚህ የሚቀረው አንድ መላ ክብደት መቀነስ ነው። ከምን ላይ ይቀነስ? ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 በአንድ ሰዓት በረራ 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ያለ ዕረፍት ዋሽንግተን እንዲደርስ ከተፈለገ ከ70 ቶን የማያንስ ነዳጅ ይዞ መነሳት አለበት። ያን ሁሉ ነዳጅ ከቦሌ ይዞ ለመነሳት ደግሞ መንገደኛውንና ጭነቱን ማውረድ ሊኖርበት ነው። ባዶ ወንበር ይዞ መብረር ለየትኛውም አየር መንገድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመረጠው ሰውንና ጭነቱን ጭኖ ነዳጁን ለግማሽ መንገድ ብቻ መያዝ፣ ቀሪውን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሙላት ነው። ቀድሞ ሮም፣ ኋላም ደብሊን የነዳጅ መሙያ ሆነው አገልግለዋል። ለኒው ዮርክ አካባቢ፣ ለኒውዋርክ በረራ ደግሞ የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ተመርጣለች። ደብሊንም ሎሜም ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ አይሉም፤ ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን ጋኑን ሞልቶ ይነሳል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ 266 ኪሎ ሜትር ትርጉሙ ይህ ነው፤ ደብሊን ከክሩ ብዙ ስላልራቀች ለነዳጅ የምትመች ከተማ ሆነች።

ሲመለስ ይህ ሁሉ የለም። ከደለስ ሲነሳ አየሩ ወፍራም ስለሆነ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይደርሳል። ሲያርፍ ደግሞ ነዳጁ ተቃጥሎ አልቋልና ቀልሏል፤ የቦሌ ከፍታ በማረፊያው ላይ የመነሻውን ያህል አይከብደውም።

ስለዚህ ነገር የሚያንገበግበኝ አንድ ጉዳይ አለ። ሰው ነዳጅ እስኪሞላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ "የእኛ ነገር መቼም አያልቅም" ብሎ ሲማረር ይሰማል። እዚያ ላይ የሚጠብቀው የአብራሪው ስንፍና ወይም የድርጅቱ ድህነት አምጥቶበት አይደለም። አዲስ አበባን እንጦጦ ሥር የቆረቆሯት እቴጌ ጣይቱና አጼ ምኒልክ የመረጡት ደጋ ነው የሚያስጠብቀው። ያ ደጋ ከወባ ጠብቆናል፣ ነፋሻ አየር ሰጥቶናል፤ ለሩቅ በረራ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋውን አውቆ መክፈልና ሳያውቁ መማረር አንድ አይደሉም።

ከአራቱ ሰዓት ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ደግሞ ነፋስ ነው። ብዙ ሰው "ምድር ስለምትዞር አንዱ ከተማ ወደ አውሮፕላኑ ይመጣለታል" ሲል ይደመጣል። ይህ ልክ አይደለም፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም በዚያው አየር ውስጥ ነው ያለው። ልክ የሆነው ሌላ ነው። በሞቃቱ የምድር ወገብና በቀዝቃዛው ዋልታ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ ከምድር መዞር ጋር ተጋግዞ፣ በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ይፈጥራል። ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምታቸው ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ጊዜ አለ። ከዋሽንግተን ወደ እኛ የሚመጣው አውሮፕላን ነፋሱን ከጀርባው ያገኘዋል፤ የሚሄደው ፊቱን ይመታዋል። በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብለን እንኳ ብናሰላ፣ አንዱ በሰዓት 960፣ ሌላው 840 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ርቀት ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሆናል።

ሒሳቡ እነሆ ተዘጋ፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላው ነፋስ፣ ሌላው መውረድ፣ ነዳጅ መሙላት፣ እንደገና መነሳትና ትንሿ ዙር።

ትኬት እጃችሁ ላይ የገባ ቀን የሚጠቅማችሁ ነገር ልጨምር። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። ለስሌት እንዲመች ማታ 4:30 ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2:30 ዋሽንግተን የሚገባ በረራ አለ እንበል። ላይ ላዩን አሥር ሰዓት ይመስላል። ነገር ግን በእነሱ በጋ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በክረምታቸው 8 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። አሥሩ ላይ ሰባቱን ስትደምሩ 17 ይመጣል። ሲመለስ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቢገባ ሃያ ሰዓት ይመስላል፤ ሰባቱን ቀንሱ፣ 13 ነው።

ከዚህ የባሰ ሰው የሚያስቀር ነገር አለ። ትኬት ላይ "ጁላይ 12፣ 00:30" ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:30 ነው። በፈረንጅ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፤ በእኛ ልማድ ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ስለዚህ የጁላይ 12 በረራ እኛ የጁላይ 11 ሌሊት የምንለው ነው። ሻንጣውን ይዞ ጁላይ 12 ማታ የመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከአገር ወጥታ የማታውቅ እኅታችሁን ስትሸኙ ይህን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ንገሯት።

ዋሽንግተን ለብዙዎቻችሁ ሩቅ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። ከቦሌ ባሕር ዳር በአየር 333 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትኬቱ አንድ ሰዓት ይላል። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ የተሳፈረ ሰው ቀኑን መንገድ ላይ ይውላል። የዓባይ በረሃ ብቻውን፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣል። አውሮፕላኑ ይህን ገደል በደቂቃዎች ይሻገረዋል።

ታዲያ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው? ለባለ ገንዘቡ አንድ ሰዓት ነው፤ ለሌላው አንድ ቀን። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። በዚያ ደመወዝ አውሮፕላን መሳፈር አይታሰብም። በዓመት በዓል ሦስት ቀን ፈቃድ ያገኘች ልጅ ሁለቱን ቀን አውቶቡስ ላይ ትጨርሳለች፤ እናቷ ዘንድ የምታድረው አንድ ሌሊት ነው። ስለ በረራ ሰዓት ስናወራ ይህችን ልጅ ሳንቆጥር ካወራን ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። የደመወዝ ጭማሪ ማለት ለእሷ የቤተሰብ ጊዜ ማለት ነው፤ ይህን የፋብሪካ ኃላፊዎች ባሉበት የምናገረው ሆን ብዬ ነው።

እናንተ የምትሰፉት ልብስ ራሱ መንገደኛ ነው። ከዚህ በኮንቴይነር ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከጅቡቲ በመርከብ ውቅያኖስ ያቋርጣል። የመላኪያው ቀን ያለፈበት ፋብሪካ ግን አንዳንዴ በአውሮፕላን ለመላክ ይገደዳል፤ ያኔ የጭነቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ልብሱን ከገበያው ያራቀው ደግሞ ባሕሩ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ከቦሌ ለሚ እስከ አሜሪካ ወደብ ያለው ኪሎ ሜትር በአንድ ሜትር አልጨመረም። ገዢዎች ግን ራቁ፤ የዚህ ፓርክ ሠራተኞችም ያን መራቅ በሥራቸው ላይ አዩት።

አሁን ከሁሉም የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ፤ የአዲስ አበባና የአስመራ በረራም ቆመ። ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ከተማ በተከፈተበት ዓመት 700 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላው ተዘጋ። አስመራ ከአዲስ አበባ በአየር 698 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ በረራ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መደበኛ በረራ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሲነሳ፣ ያለፈው በአስመራ በኩል ነበር። አየር መንገዱ ክንፉን የዘረጋበት የመጀመሪያው መስመር ነው ለሃያ ዓመት የተዘጋው።

በእነዚያ ሃያ ዓመታት መሄድ የቻለ ሰው በሦስተኛ አገር ዞረ። በካይሮ በኩል ብንለካው ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,470፣ ከካይሮ ተመልሶ አስመራ 1,820 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ 4,300 ይጠጋል። ከቀጥታው ስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ ያውም ቪዛና ገንዘብ ለነበረው። ስልክም ተቋርጦ ነበርና ያልነበረው ሰው ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ኖረ። አባት ሞቶ ለቅሶ ሳይደረስ የቀረበት፣ ልጅ ተወልዶ አድጎ አያቱን ሳያይ የጎረመሰበት ዘመን ነው። ለእነዚያ ቤተሰቦች አስመራ ስንት ሰዓት ነበረች? ከዋሽንግተን በብዙ ትርቅ ነበር።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ተከፈተ። ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ በዚያ ቀን ሁለት አውሮፕላኖች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ተነሱ። አስመራ ኤርፖርት ላይ ተቃቅፈው መሬት ላይ የወደቁትን፣ የሚያለቅሱትን ሰዎች ምስል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ በረራ ሃያ ዓመት ጠብቆ ነበር። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን አየር መንገዱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት በረራውን አቋረጠ። ስድስት ዓመት ነው የቆየው።

እዚሁ አገራችን ውስጥም አይተነዋል። መቀሌ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሳ፤ በእሱ ምክንያት ቆሞ የነበረው በረራ በመደበኛነት የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን መቀሌ ኤርፖርት ላይ የታየው እንባ አስመራ ላይ ከታየው የተለየ አልነበረም። ሌላም ልጨምር፤ ክሩ ያለፈበት የሱዳን ሰማይ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ለመንገደኛ በረራ ተዘግቶ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ዙረው ለመሄድ ተገደዋል። የሱዳን ሕዝብ መከራ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ነገር ግን የጎረቤት ጦርነት ቦሌ የተሳፈረውን መንገደኛ ሰዓት እንኳ እንደሚያስረዝም እዩ።

መንገድ የሚያርቀው ጦርነት ብቻም አይደለም። ቤይሩት ከእኛ 2,800፣ ሪያድ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል በረራ ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈባት የቤት ሠራተኛ ግን ወደ አገሯ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አታውቅም። እንዲህ ያለች እኅት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ወደፊት ምን ይለወጣል ለሚለው፣ ቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታቀደውን አዲስ ኤርፖርት ማንሳት አለብኝ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 1,910 ሜትር ገደማ ነው፣ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ብናሰላው አየሩ ከቦሌው በ4 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ከባድ አውሮፕላን ላይ አራት በመቶ ማለት ብዙ ቶን ማለት ነው፤ የነዳጅ ቶን ሊሆን ይችላል፣ የሰው ሊሆን ይችላል፣ የእናንተ ልብስ ቶን ሊሆን ይችላል። ከረጅም መንደርደሪያና ከአዳዲስ አውሮፕላኖች ጋር ሲደመር ለነዳጅ የሚጠበቀውን ሰዓት ለማስቀረት በር ይከፍታል።

ለሩቅ መንገደኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው ከተማው ውስጥ አንድ ሰዓት ጨምሮ አየር ላይ ሁለት ሰዓት ማትረፍ ያዋጣዋል። ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ጅማ በአየር 262 ኪሎ ሜትር ናት። እዚሁ አዲስ አበባ ከጎሮ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር በመንገድ ተጉዞ ጅማ መብረር፣ በረራው ከሚፈጀው እኩል ወይም የበለጠ መሬት ላይ ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ እኔ የአገር ውስጥ በረራ ከቦሌ እንዳይነቀል እሟገታለሁ። ቃሌ ይህን ከምትወስኑ ሰዎች ጆሮ እንዲደርስም እፈልጋለሁ፤ ቦሌን ለአጭሩ መንገድ አስቀሩት፣ ትኬቱንም በዚህ ፓርክ ደመወዝ የምትኖር ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ልትገዛው በምትችለው ዋጋ አድርጉት። ቢሾፍቱን ለረጅሙ ሥሩት፣ የሚያደርሰውንም ባቡር ከመንደርደሪያው ጋር አብራችሁ ጀምሩት። የአስመራውን በረራ በተመለከተ ደግሞ የሚያስፈልገው መንደርደሪያ በሁለቱም ከተሞች ተሠርቶ አልቋል።